ሐኪሙ ከኔትወርክ ውጭ ሲሆን የትኛው መንገድ ያዋጣል? በአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ ላላቸው የንጽጽር መመሪያ

«አዎ፣ ኢንሹራንስዎን እንቀበላለን።»

ስፔሻሊስት ፍለጋ የደወለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ይህ ነው። ቀጠሮ ይዞ ይታከማል፤ ከሳምንታት በኋላ ያልጠበቀው ቢል ይመጣበታል። «እንቀበላለን» ማለት ቢሮው ክፍያውን ከኢንሹራንሱ ይጠይቅልዎታል ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከኢንሹራንሱ ጋር በዋጋ ተዋውሏል፣ ማለትም ኔትወርኩ ውስጥ ገብቷል ማለት አይደለም። ጥያቄው መሆን ያለበት «በእኔ ፕላን ኔትወርክ ውስጥ ናችሁ?» የሚል ነው፤ ያውም ካርዱ ላይ ያለውን የፕላን ስም ከነሙሉ ቃሉ እያነበቡ። አንድ ኩባንያ በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት አራት ኔትወርክ ሊኖረው ይችላል። የባልየው ካርድ ከመሥሪያ ቤት፣ የሚስትየው ከማርኬትፕሌስ (ሰው በግሉ ኢንሹራንስ ከሚገዛበት የመንግሥት ገበያ) ከሆነ፣ የኩባንያው ዓርማ አንድ ሆኖ ሳለ እሱን በኔትወርክ ዋጋ የሚያክመው ሐኪም ለእሷ ከኔትወርክ ውጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ኔትወርክ ችግር ሲሆን መውጫው አንድ አይደለም። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው በዋናነት ያሉበት ጊዜ ነው፦ ገና ፕላን እየመረጡ ነው፣ ፕላን ይዘው ሐኪም እየፈለጉ ነው፣ ወይስ ቢሉ እጅዎ ገብቷል? ጊዜው በዘገየ ቁጥር ምርጫው ይጠባል፤ ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ።

ገና ፕላን እየመረጡ ከሆነ

ኤችኤምኦ፣ ኢፒኦ፣ ፒኦኤስና ፒፒኦ የሚባሉት አራቱ ዓይነቶች በሁለት ጥያቄ ይለያሉ። ከኔትወርክ ውጭ ብታከም ይከፍላል? ስፔሻሊስት ዘንድ ለመሄድ የመደበኛ ሐኪሜ ሪፈራል (የመላኪያ ወረቀት) ያስፈልጋል? ኤችኤምኦ ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ውጭ አይከፍልም፤ ሪፈራልም አብዛኛውን ጊዜ ይጠይቃል። ኢፒኦም ውጭ አይከፍልም፤ ሪፈራል ግን ብዙውን ጊዜ አይፈልግም። ፒኦኤስ ሪፈራል ይጠይቃል፤ ውጭ ሲታከሙ ከፊሉን ይከፍላል። ፒፒኦ ያለ ሪፈራል ያስኬዳል፤ ውጭም ከፊሉን ይከፍላል፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ይከብዳል።

«ፒፒኦ ካለህ የፈለግህበት ትሄዳለህ» ሲባል ብዙ ይሰማል። መሄድ ይቻላል፤ ሒሳቡን ግን ቀድሞ መሥራት ያስፈልጋል። ሐኪሙ ለአንድ ምርመራ 400 ዶላር ይጠይቃል እንበል። ኢንሹራንሱ ለዚያ ምርመራ «የሚፈቀደው ዋጋ» ብሎ የያዘው 180 ዶላር ነው፤ ከኔትወርክ ውጭ ደግሞ 60 በመቶ ይከፍላል። 60 በመቶው የሚሰላው ከ180ው እንጂ ከ400ው አይደለም። ስለዚህ ኢንሹራንሱ 108 ዶላር ይከፍላል። ቀሪው 72 ዶላር የእርስዎ ድርሻ ነው፤ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን 220 ዶላርም ሐኪሙ ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። ድምሩ 292 ዶላር መጣ። ይህም ለውጭ ሕክምና ለብቻው የተቀመጠው ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እርስዎ የሚከፍሉት መጠን) ከሞላ ነው፤ ካልሞላ 400ውንም እርስዎ ይችሉታል። 220 ዶላሩ በዓመታዊው የወጪ ጣሪያ (በዓመት ቢበዛ ከኪስዎ የሚከፍሉት መጠን) ውስጥ አይቆጠርም። በ2026 ሕጉ ለአንድ ሰው 10,600 ዶላር፣ ለቤተሰብ 21,200 ዶላር ብሎ ያስቀመጠው ጣሪያ የሚሠራው በኔትወርክ ውስጥ ላለ ሕክምና ነው። ከኔትወርክ ውጭ ፕላኑ የራሱ ከፍ ያለ ጣሪያ ሊኖረው ይችላል፤ ጭራሽ ላይኖረውም ይችላል።

እንግዲህ የትኛው ለማን? የቆየ ሕመም የሌለበት፣ «የእኔ» የሚለው ስፔሻሊስት የሌለው ቤተሰብ ለፒፒኦ ተጨማሪ ገንዘብ ቢከፍል የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። እንደ ካይዘር ፐርማነንቴ ሐኪሙን፣ ላብራቶሪውንና ፋርማሲውን በራሱ ሥር የያዘ ኤችኤምኦ ለዚህ ቤተሰብ ይመቻል፤ ላብራቶሪው ከኔትወርክ ውጭ ይሆን የሚለው ስጋት እዚያ ይቀንሳል። ከዚያ ሥርዓት ውጭ ያለ ስፔሻሊስት ዓመታት የተከታተለው፣ ካንሰር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ በዓመቱ ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ግን ከፕላኑ ዓይነት ሳይሆን ከሐኪሞቹ ስም መጀመር አለበት። ሐኪሙ በውስጡ ያለ ኢፒኦ፣ ሐኪሙ ከሌለበት ፒፒኦ ይሻላል።

ማጣራቱ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የሁሉንም ሐኪሞች፣ የሆስፒታሉን፣ የላብራቶሪውንና የመድኃኒቶቹን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ለእያንዳንዱ ሐኪም ኤንፒአይ የሚባለውን 10 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ከቢሮው ይጠይቁ። የሚታከሙበትን አድራሻም አብረው ይያዙ፤ ምክንያቱም አንድ ሐኪም ሰኞ በሚሠራበት ክሊኒክ በውል ገብቶ ሐሙስ በሚሠራበት ላይገባ ይችላል። ውሉ ብዙ ጊዜ የሚታሰረው ቢሉን በሚልከው ክሊኒክ ታክስ አይዲ ነው። ከዚያ ለኢንሹራንሱ ደውለው ኤንፒአዩንና አድራሻውን እየሰጡ «ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ በዚህ ፕላን ውስጥ ነው?» ይበሉ። ስለ ዘንድሮ ጠይቆ ለሚመጣው ዓመት መመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው። ለክሊኒኩም ደውለው አዲስ ታካሚ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ዝርዝሩ ላይ ኖሮ አዲስ ሰው የማይቀበል ሐኪም የሌለ ያህል ነው። እንግሊዝኛው የሚከብድ ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ በነጻ ማቅረብ የኢንሹራንሱ ግዴታ ነው። ልጆችን በአስተርጓሚነት ባያስቀምጡ ይመረጣል።

የማርኬትፕሌስ ምዝገባ በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚከፈተው ኖቬምበር 1 ነው፤ የሚዘጋበት ቀን በግዛቱ ይለያያል። ሐኪምዎ በዓመቱ አጋማሽ ከኔትወርክ መውጣቱ ብቻውን ፕላን ለመቀየር ምክንያት ተብሎ አይቆጠርም። ኢንሹራንስ ማጣት፣ ጋብቻ፣ ልጅ መውለድ ወይም ወደ ሌላ አካባቢ መዛወር ግን 60 ቀን ይሰጣል። በመሥሪያ ቤት ፕላን ይህ ጊዜ ብዙ ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው።

ፕላን ይዘው ሐኪሙ ውጭ ከሆነ

እዚህ ላይ አራት መንገድ አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን የመጨረሻውን፣ ከኪስ መክፈልን ብቻ ነው። ከፊቱ ያሉትን ሦስቱን ሳይሞክሩ ኪስ መግባት ያሳዝናል።

የመጀመሪያው የኔትወርክ ጋፕ ኤክሴፕሽን ይባላል። መሠረቱ ቀላል ነው፦ ኢንሹራንሱ ለሕመሜ የሚሆን ሐኪም በኔትወርኩ ውስጥ ከሌለው፣ ወይም ካለው ግን እጅግ ሩቅ ከሆነ፣ ወይም ቀጠሮው ከሚገባው በላይ ከረዘመ፣ የውጭውን ሐኪም በኔትወርክ ዋጋ ይክፈልልኝ። የሜሪላንድ ሕግ ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል። በኔትወርኩ ውስጥ ተገቢው ሙያ ያለው ስፔሻሊስት ከሌለ፣ ወይም ያለ አግባብ ሳይዘገዩና ሳይጓዙ ማግኘት ካልተቻለ፣ ወደ ውጭ ሪፈራል መጠየቅ ይቻላል። ሌላ ግዛት ያሉም ቢሆኑ ይጠይቁ፤ ብዙ ኢንሹራንሶች ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አላቸው።

ይህ ጥያቄ ውድቅ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ባዶ እጅ መቅረቡ ነው። «ጥሩ ሐኪም አላገኘሁም» ማንንም አያሳምንም። ከኢንሹራንሱ ዝርዝር ላይ ቅርብ ያሉትን ስድስት ሰባት ስፔሻሊስቶች አውጥተው ለእያንዳንዳቸው ይደውሉ። የደወሉበትን ቀን፣ የመለሰውን ሰው ስምና የተባሉትን በአንድ መስመር ይጻፉ። «ማርች 3፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ አዲስ ታካሚ አንቀበልም።» «ማርች 3፣ ቁጥሩ አይሠራም።» «ማርች 4፣ ቀጠሮ በኦገስት።» «ማርች 4፣ ይህን ሕመም አናክምም።» እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ከረጅም ደብዳቤ ይበልጣል። በእሱ ላይ መደበኛ ሐኪምዎ የሕመሙን ስም፣ የሚያስፈልገውን ሙያና መዘግየቱ የሚያመጣውን ጉዳት የሚገልጽ ደብዳቤ ያያይዝበታል። የውጭው ሐኪም ስም፣ ኤንፒአይና ሊሠራ ያሰበው ምርመራ ሲፒቲ ኮድም (የሕክምናው ዓይነት በቢል ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ይግባበት። ኮዱ የጎደለው ማመልከቻ ተመላልሶ ሳምንታት ያባክናል።

ፈቃዱ ሲመጣ ሦስት ነገር ያንብቡ፦ ስንት ጉብኝት ይሸፍናል፣ እስከ መቼ ይሠራል፣ የትኞቹን ኮዶች ይፈቅዳል። ለአንድ ምክክር ብቻ የተሰጠ ፈቃድ ይዞ ቀዶ ሕክምና የገባ ሰው ሙሉ ቢል ይመጣበታል። ፈቃዱ ላይ «በኔትወርክ ደረጃ» የሚል ቃል ቢኖርም፣ ሐኪሙ ልዩነቱን ከእርስዎ እንዳይጠይቅ የሚያግደው ነገር ላይኖር ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ይህንን ቀዳዳ ይደፍናል። ሲንግል ኬስ አግሪመንት ኢንሹራንሱና ሐኪሙ ለአንድ ታካሚ ብቻ ዋጋ የሚዋዋሉበት ነው። ታካሚው አይፈርምም፤ ሥራው ሁለቱን ማገናኘት ነው። የሐኪሙ ቢሮ ፈቃደኛ ካልሆነ አይሠራም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የክሊኒኩን የቢል ክፍል «ለእኔ ሲንግል ኬስ አግሪመንት ትቀበላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለቱን ካነጻጸርን፣ የጋፕ ፈቃዱ ለአንድ ምክክር ወይም ለምርመራ ይበቃል። ለቀዶ ሕክምና፣ ለረጅም ጊዜ የሥነ ልቦና ሕክምናና ወራት ለሚወስድ ክትትል ግን ስምምነቱ ካልተጻፈ አይጀምሩ።

ሦስተኛው ኮንቲኒዩቲ ኦፍ ኬር (የተጀመረን ሕክምና ከያዙት ሐኪም ጋር መቀጠል) ነው፤ የሚያገለግለውም በሕክምና መሃል ላይ ላሉ ብቻ ነው። ሐኪሙ ወይም ሆስፒታሉ ከኢንሹራንሱ ጋር የነበረው ውል ከተቋረጠ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ከባድ ሕመም እየታከመ ያለ፣ ሆስፒታል የተኛ፣ አስፈላጊ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘለት ወይም በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ያለ ታካሚ በቀድሞው ዋጋ እስከ 90 ቀን መቀጠል ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ይሠራል። ሐኪሙ በማጭበርበር ወይም በጥራት ጉድለት ከተባረረ ግን አይሠራም። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ራስዎ ወደ ሌላ ፕላን ከቀየሩ ይህ መብት አብሮዎት አይሄድም። አዲሱን ኢንሹራንስ «ትራንዚሽን ኦፍ ኬር» የሚባለውን ቅጽ መጠየቅ ይቻላል፤ የጊዜ ገደቡ አጭር ስለሆነ ካርዱ እስኪመጣ አይጠብቁ። 90 ቀን ብዙ አይደለም። በሰባተኛ ወሯ ላይ ያለች እናት ወልዳ ከወሊድ በኋላ ያለውን ክትትል እስክትጀምር ያደርሳት ይሆናል። የአራተኛ ወር ነፍሰ ጡርን ግን እስከ ወሊድ አያደርሳትም፤ እሷ አዲሱን የማህፀን ሐኪም ዛሬውኑ መፈለግ አለባት።

አራተኛው ከኪስ መክፈል ነው። የሚገርመው፣ ለአንድ ጉብኝት አንዳንዴ ከሁሉም የሚረክሰው ይህ ነው። ቅድም ባየነው ምሳሌ ፒፒኦ ያለው ሰው 292 ዶላር ከፈለ፤ ያው ሐኪም በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል 250 ዶላር ቢያስከፍል ኢንሹራንሱን አለመጠቀም ያዋጣል። በኢንሹራንስ ሳይሆን ከኪስ እንደሚከፍሉ ከተናገሩ፣ ክሊኒኩ «ጉድ ፌይዝ ኤስቲሜት» የሚባለውን የዋጋ ግምት በጽሑፍ መስጠት አለበት። ቢሉ ከግምቱ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይቻላል። ጉዳቱ የከፈሉት ገንዘብ ለዲዳክቲብልም ለጣሪያውም አለመቆጠሩ ነው። ስለዚህ ለአንድ ምክክር ወይም ለሁለተኛ አስተያየት ይሁን፤ ለኤምአርአይና ለቀዶ ሕክምና ግን አይሁን።

ቢሉ ከመጣ በኋላ

መጀመሪያ ከኢንሹራንሱ የሚመጣውን ኢኦቢ (ኢንሹራንሱ ምን እንደከፈለ የሚያሳይ መግለጫ) ይጠብቁ፤ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል የተጻፈበት ወረቀት ነው። በላዩ ላይ ያለው «የእርስዎ ድርሻ» ከክሊኒኩ ቢል ጋር ካልተመሳሰለ አይክፈሉ፤ ሁለቱ ጋም ይደውሉ።

ቀጥሎ የተከሰተው ነገር ከሦስቱ በየትኛው እንደሚወድቅ ይለዩ። ድንገተኛ ሕክምና ከሆነ፣ ወይም ሆስፒታሉ በኔትወርክ ውስጥ ሆኖ ማደንዘዣ የሰጠው፣ ኤክስሬዩን ያነበበው ወይም የላብራቶሪው ባለሙያ ውጭ ከሆነ፣ ኖ ሰርፕራይዝስ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ ይጠብቅዎታል። የሚከፍሉት የኔትወርክ ድርሻዎን ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ቢል ከመጣ በ1-800-985-3059 ደውሎ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ሕጉ የማይሸፍናቸው ሁለት ቦታዎች ግን ብዙ ሰው ያስለቅሳሉ። አንዱ በመንገድ የሚሄድ አምቡላንስ ነው፤ የአየሩ ይሸፈናል፤ የመሬቱ አይሸፈንም። ሌላው ተራ የሐኪም ቢሮ ነው። በኔትወርክ ውስጥ ያለ ሐኪምዎ ደም ወስዶ ከኔትወርክ ውጭ ወዳለ ላብራቶሪ ቢልክ ሕጉ አይደርስልዎትም፤ ምክንያቱም ጥበቃው ለሆስፒታልና ለቀዶ ሕክምና ማዕከል ነው። መርፌው ከመግባቱ በፊት «ደሜ ወዴት ነው የሚላከው?» ማለት ብቻውን መቶዎች ዶላር ሊያድን ይችላል። ከቀዶ ሕክምና 72 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ «ከኔትወርክ ውጭ መሆኔን ተስማምቻለሁ» የሚል ቅጽ ከመጣልዎ ደግሞ ያንብቡት፤ ከፈረሙ ጥበቃውን ለቀዋል። ለድንገተኛ ሕክምናና ለማደንዘዣ ይህን ቅጽ ማስፈረም አይፈቀድም።

ሁለተኛው፣ ኢንሹራንሱ ራሱ «ሐኪሙ ውስጥ ነው» ብሎ ካሳሳተዎት ነው። ኢንሹራንሶች ዝርዝራቸውን ቢያንስ በየ90 ቀኑ ማጣራት፣ በስልክ ለተጠየቁትም በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለባቸው። በተሳሳተ መረጃ ተመርተው ከታከሙ የሚከፍሉት የኔትወርክ ድርሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ በያዙበት ቀን የድረ ገጹን ገጽ ከነቀኑ ፎቶ ያንሱ። ክርክሩ ላይ ከዚያ ፎቶ የሚሻል ማስረጃ አይገኝም።

ሦስተኛው ይግባኝ ነው። ውድቅ ከተደረገበት ደብዳቤ ጀምሮ 180 ቀን አለዎት። ሕክምናው ገና ካልተሰጠ በ30 ቀን፣ ከተሰጠ በ60 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት መመለስ አለባቸው። አሁንም እምቢ ካሉ በአራት ወር ውስጥ ገለልተኛ አካል እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል፤ የዚህ አካል ውሳኔ ኢንሹራንሱን ያስገድዳል። አጻጻፉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። «ፕላኑ የውጭ ሐኪም ይክፈል» ካሉ ጉዳዩ የውል ጥያቄ ይሆንና ገለልተኛው አካል ሊያየው እምቢ ሊል ይችላል። «በኔትወርኩ ያሉት ሐኪሞች ይህንን ሕመም ለማከም የሚያስፈልገው ሙያ የላቸውም፤ መዘግየቱም ይህን ጉዳት ያመጣል» ካሉ ግን የሕክምና ፍርድ ጥያቄ ሆኗል፤ ያኔ ሐኪም ያየዋል።

አቤቱታ የት ይቀርባል? ካርዱን ያዙሩት። በመሥሪያ ቤትዎ ራሱ የሚከፈል ፕላን ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ኩባንያው «አስተዳዳሪ» ብቻ እንደሆነ ይጻፋል፤ እሱን የሚመለከተው የፌዴራሉ ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር (የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) እንጂ የግዛቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ አይደለም። እርግጠኛ ካልሆኑ የሰው ኃይል ክፍሉን «ፕላናችን ሰልፍ ፈንድድ (በመሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚከፈል) ነው?» ይበሉ። ከኢንሹራንስ ኩባንያ የተገዛ ከሆነ በሜሪላንድ ወደ ሜሪላንድ ኢንሹራንስ አድሚኒስትሬሽን፣ በቨርጂኒያ ወደ ቢሮ ኦፍ ኢንሹራንስ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ወደ ከተማው የኢንሹራንስና የባንክ መሥሪያ ቤት ነው።

ለወላጆች፣ ለሜዲኬይድና ወደ አገር ቤት ለሚሄዱ

ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) የግዛት ነው። የሜሪላንድ ካርድ ይዞ ወንዙን ተሻግሮ በቨርጂኒያ መደበኛ ሕክምና ማግኘት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ ድንገተኛ ከሆነ ግን ይከፈላል።

65 የሞላቸው ወላጆች ኦሪጅናል ሜዲኬርን (የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ የሚያካሂደውን ኢንሹራንስ) ከያዙ ሜዲኬር የሚቀበል ማንኛውም ሐኪም ዘንድ በየትኛውም ግዛት ይሄዳሉ። በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ግን ኔትወርክ አለው። የጥርስና የመነጽር ጥቅም ያጓጓል፤ እናት ክረምቱን አትላንታ ካለችው ልጃቸው ጋር፣ በጋውን ሲያትል ካለው ጋር የሚያሳልፉ ከሆነ ግን ኦሪጅናሉ ይሻላቸዋል። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ከአድቫንቴጅ ወደ ኦሪጅናሉ መመለስ ይቻላል። ችግሩ ወጪውን የሚሞላው ሜዲጋፕ የሚባለው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ነው። ፓርት ቢ (የሜዲኬር የሐኪም ሕክምና ክፍል) ከጀመረበት ቀን አንስቶ ባሉት ስድስት ወራት ሕመም ቢኖርም ሊከለከሉ አይችሉም፤ ከዚያ በኋላ ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕመማቸው ተጠይቆ እምቢ ሊባሉ ይችላሉ። ይህን ምርጫ ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ያድርጉላቸው።

አዲስ አበባ ላይ ቢታመሙስ? ሜዲኬይድ ከአገር ውጭ አይከፍልም፤ ኦሪጅናል ሜዲኬርም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር እንደዚያው ነው። ከሜዲጋፕ ዓይነቶች አንዳንዶቹ ለውጭ አገር ድንገተኛ ሕክምና 80 በመቶ ይሸፍናሉ፤ ይኸውም 250 ዶላር ዲዳክቲብል ካለፈ በኋላ፣ በሕይወት ዘመን እስከ 50,000 ዶላር፣ ጉዞው በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ውስጥ ብቻ ነው። ለሦስት ወር የሚሄዱ ወላጆች በሦስተኛው ወር ሽፋን የላቸውም ማለት ነው። የአውሮፕላን ትኬቱ ሲቆረጥ፣ ወደ ሌላ አገር በአየር ማጓጓዝን የሚጨምር የጉዞ ኢንሹራንስ አብሮ ይገዛ፤ የቆየ ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ ሳያነቡ ግን አይክፈሉ። ብዙዎቹ የሚሸፍኑት ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተገዙ ብቻ ነው።